ስማቸው

መብራት የጠፋ ዕለት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
ዝናቡ ፒያሳን ሲያጥበው፣ ሲመለስ፣
ከአዘዞ የመጣች ባጃጅ አወረደች
አንዲት ነጭ አሮጊት፣ ሻንጣ የተሸከመች።

መዝገቤን ገለጥኩኝ፣ ሻማ ለኮስኩና።
«ስም?» አልኳት።
«ሚልድሬድ ስሚዝ» አለች በትሕትና።

እኛ ስም ስናወጣ ዓረፍተ ነገር ነው፤
«ማን ያዘዋል» ብለን ጎረቤት የምንወጋው፣
«ቢሆነኝ» ለተስፋ፣ «ይብቃኝ» ለሐዘን፣
የኛን ክርክር ሁሉ በልጅ አንገት አስረን።
የነሱ ግን ድምፅ ነው ይመስለኝ ነበረ፣
እንደ ወደቀ ሳንቲም ኳ ብሎ የቀረ።

ዝናቡ አላባራ። ሻይ ቀዳሁ፣ ተቀመጠች፤
ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች።
የስም ፍቺ ታውቃለች፤ እንደ መሪጌታ
ቃሉን ትፈታለች፣ በእርጋታ፣ በተርታ።

«ጆርጅ» አለችኝ፣ «ገበሬ ማለት ነው፤
መሬት የሚያርስ ሰው።»
ሳቅሁኝ፤ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ እንጂ
በሞፈር አላውቀው።
«ፊሊፕ፣ ፈረስ ወዳጅ።» ይኼን እንኳ ጎንደር
ታውቀዋለች፤ ጌታን በፈረሱ ስም ስትጠራ ነበር።

«ሚልድሬድስ?»
«ለስላሳ ብርታት» ብላ ሳቀች፤
ጉልበቷን ዳበሰች፣
«ብርታቱ ሄደና ልስላሴው ቀረ» አለች።

«ስሚዝስ?»
እንደ ዋዛ፣ ሻይዋን እያማሰለች፣
«ብረት በእሳት አግሎ የሚመታ» አለች።

ያቺን ቃል በሆዴ ወደኛ መለስኳት፦
ቀጥቃጭ።
ትምህርት ቤት «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ
«ነጋዴ ነው» ብዬ፣ ዋሽቼ የቀበርኳት።

አባቴ ወለቃ ወናፉን ሲያናፋ፣
ማረሻ ሲቀጠቅጥ ዕድሜው በዚያ ጠፋ።
ቅዳሜ ገበያ ማጭዱን ሲመርጡ፣
ዋጋውን መሬት ላይ ጥለው ነው የሚሰጡ፤
እጁን እንዳይነኩት።
በማረሻው ያርሳሉ፣ ያረሱትን ይበላሉ፤
ሲመሽ «ጅብ ይሆናል» እያሉ
ልጅ ከደጃችን ያሸሻሉ።

እሷ ቀጥላለች፤ ምኑን አውቃ፣ ምኑን!
«ስሚዝማ እኛ አገር አሸዋ ነው» አለች፣
ሐኪሙን፣ ዳኛውን፣ ቄሱን ቆጠረች።
«ፖተር ሸክላ ሠሪ፣ ታነር ቆዳ ፋቂ፣
ዌቨርም ሸማኔ።» እኔ ብቻ አዋቂ፣
የኛ መንደር ስድብ አንድ በአንድ ሲጠራ፣
እዚያ ናስ ላይ ተጽፎ ከሐኪም በር ሲያበራ።

ምናልባት እነሱም ያኔ ንቀውት ይሆናል፤ አላውቅም።
ስም ሲወርድ ሲዋረድ
ዝገቱ ይረግፍ ይሆን?
ወይስ ሰው ትርጉሙን ረስቶት ነው የሚድን?

«ያንቺስ ስም?» አለችኝ።
«የሺሐረግ።»
«አባትሽስ?»
«ስማቸው።»
«ትርጉሙስ?»
ዝም አልኩኝ፤ ሁለት መንገድ ነበረው፦
አንዱ «አድምጣቸው» ነው፣ አንዱ «የነሱ ስም» ነው።
አያቴ ለልጁ የቱን ነው ያወረሰው?
ሲሰድቡህ ስማቸው፣
አንተ ግን ብረቱን ቀጥቅጠው?
ወይስ መዶሻ ጨብጠው ላለፉት፣
ማንም በመዝገብ ላልጻፋቸው፣
የግንቡን በር ምስማር ለመቱት ሁሉ
አንተ ሁን ስማቸው?

ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት ብዬ ልፍታላት!
ከግድግዳው ቁልፍ አወረድኩላት።
የዘጠኝ ቁጥር ነው፣ ከባድ፣ ጥርሱ የበዛበት፣
አባቴ የሠራው፣ ሆቴሉ ሲከፈት፤
በሌሊት አምጥቶ፣ በጓሮ ያስረከበው።
ሚልድሬድ በመዳፏ መዘነችው፣
ወደ ሻማው አስጠግታ አገላበጠችው።
«እንዴት ያምራል» አለች፣ «ማነው የሠራው?»

«ስሚዝ» አልኳት።
ቀና ብላ አየችኝ።
«ስማቸው ስሚዝ። አባቴ ነው።»

ሻይዋን ጨለጠች። ደረጃውን ወጣች፣
በየእርከኑ አርፋ፣ ባለ ልስላሴዋ፣
ጥላዋ ግድግዳው ላይ ረዝሞ ከኋላዋ።
እኔም ከታች ሆኜ፣ ብዕሬን እንደያዝኩት፣
ከላይ፣ ከጨለማው፣
ቁልፉ በበሩ ውስጥ
ኳ ሲል ሰማሁት።